መልስ፦ «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» ስለሚለው ኢሜይል

ሰላም ወንድሜ። ከባንክህ የመጣ የሚመስል ኢሜይል «ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» ብሎሃል፤ የፋይዳ መታወቂያህን ፎቶ ልላክ ወይ ነው ጥያቄህ። እንዳትልክ! ጥድፊያው ራሱ ወጥመድ ነው፤ እንዳታስብ ነው የሚያጣድፉህ።

የላኪውን ስም ተወው፣ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ሙሉ አድራሻውን ተመልከት። እሱም ቢመሳሰል ሊንኩን አትንካ። ቅርንጫፉ ድረስ ብቅ ብለህ ጠይቅ፤ ሐዋሳ እንደሁ ከባጃጅ ሒሳብ በላይ አያስወጣህም።

እኔ አንዴ ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ጂሜይሌን ሳልዘጋ ወጣሁ። በማግስቱ በስሜ «ችግር ላይ ነኝ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል መልእክት ለጓደኞቼ ደረሳቸው። አንዱ የዋህ ላከ። እስካሁን ሳየው አፍራለሁ።

የይለፍ ቃሌን ብቀይርም አልበቃም ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ስገባ፣ ጂሜይሌን የከፈተው ሌባ የሚደርሰኝ ኢሜይል ሁሉ ወደ እሱ እንዲተላለፍ አድርጎት አገኘሁ! ያንን አጥፍቼ፣ ጂሜይሌን ከተከፈተበት መሣሪያ ሁሉ ዘግቼ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ለምሳሌ በስልክ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቀውን) አበራሁ።

በስልክህ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ «የባንክ ሠራተኛ ነኝ» ላለህም አትንገር። የይለፍ ቃልህን ሊንኩ ላይ ጽፈህ ከነበረ ግን ይህን አንብበህ እንኳ ሳትጨርስ ቀይረውና ለባንኩ ደውል። ቁጥሩን ከባንክ ካርድህ ጀርባ ውሰድ እንጂ ከኢሜይሉ አይደለም።