ጫፏ ስትጮህ፦ ስለ ፒንፖይንተር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ብረት መፈለጊያ ማሽን ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ትልቁ ማሽን አይደሉም፤ በመዳፍ ስለምትያዘው፣ ካሮት ስለምታክለውና የተቀበረው ብረት በትክክል የቱ ጋ እንዳለ ስለምትጠቁመው ፒንፖይንተር ናቸው። ደስ ብሎኛል። ለእኔ ጎበዝ ፈላጊ የሚለየው በማሽኑ ዋጋ ሳይሆን ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ስፋት ነው። ጉድጓዱን ጠባብ የምታደርገው ደግሞ ይህች መሣሪያ ናት። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ለልደቴ ብርቱካናማዋን ጋሬት ፒንፖይንተር ገዛችልኝ። ጓደኛችን ግቢ ውስጥ ስሞክራት ጉድጓዱ አጠገብ በደረሰች ቁጥር ዝም ብላ ትጮሃለች። አንዳንዴ ደግሞ ትልቁ ማሽን እየጮኸ እሷ ጭጭ ትላለች። ሣሩን አበላሽቼ ጓደኛዬም ቅር ብሎታል። ተበላሽታ ይሆን? ወይስ አያያዙን አላወቅኩበትም?»

ወንድሜ፣ መሣሪያህ ደህና ናት። በጫፏ ውስጥ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ሽቦው ከፊቱና ከዙሪያው አነስተኛ የመግነጢስ መስክ ይዘረጋል፤ ብረት ወደዚያ ሲጠጋ መስኩ ይረበሻል፣ እሷም ትጮሃለች፣ እጅህ ውስጥም ትንቀጠቀጣለች። ወርቅ ይሁን ሚስማር፣ ቆርኪ ይሁን ጣትህ ላይ ያለው ቀለበት አትለይም። ስለዚህ አስቀድመህ ራስህን ፈትሽ። የምትንበረከከው አፍንጫው ብረት ያለበት የሥራ ጫማ አድርገህ ነው? አካፋውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስደግፈኸዋል? ትልቁን ማሽን ሳታጠፋ አጠገብህ አስተኝተኸዋል? በብዛት የማየው የመጨረሻውን ነው። ሁለቱም መግነጢስ የሚረጩ በመሆናቸው ሲቀራረቡ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ማሽኑን አጥፋው፣ ወይም ሳህኑን፣ ማለትም መሬቱን የሚፈትሸውን ክብ ጫፉን፣ ከአንድ ሜትር በላይ አርቀው።

ለዋሽንግተን ቅርብ ነህና አንድ ታሪክ ላጫውትህ። በጁላይ 1881 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ፣ ዛሬ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ባለበት ቦታ በነበረው የባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተመቱ። የስልኩ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ የተቀመጠበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ ዋይት ሐውስ ገባ። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አላገኘውም። መሣሪያው ከዚያ በፊት በሌሎች ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ስፕሪንግ ነበረው። ሐኪማቸውም ጥይቱ በቀኝ ጎናቸው እንዳለ አምኖ ስለነበር የተፈለገው በቀኝ በኩል ነው። በሴፕቴምበር ሞተው አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ። ብረቱን ሳያርቁ፣ ሌላውንም ጎን ሳያዩ መፈለግ ያኔ የሰው ሕይወት ከሚያህል ነገር ጋር ተያይዞ ነበር።

አሁን ጭጭ የምትልበትን ልንገርህ። አንድ ሳንቲም የምትሰማው ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነው። ትልቁ ማሽን ግን ሃያ ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንም ይሰማዋል። ስለዚህ ዝምታዋ ወይ «ገና ነው፣ ዝቅ በል» ማለት ነው፣ ወይ ዕቃው ከጉድጓዱ ወጥቶ ከጎንህ የከመርከው አፈር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይረሳና ባዶ ጉድጓድ ሲያሰፋ ይውላል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በትልቁ ማሽን በመስቀል ቅርጽ አሻግሬ እፈትሻለሁ፤ ድምፁ የሚጎላበትን መገናኛ በዓይኔ እይዛለሁ። ከዚያ አካፋ ሳልነካ ፒንፖይንተሯን ሣሩ ላይ አስነካታለሁ። ከጮኸች ዕቃው ከጣት ርዝመት አይጠልቅም፤ በትንሽ መኮትኮቻ ይወጣል። ዝም ካለች ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቆርጬ እንደ መጽሐፍ ገጽ እገልጠዋለሁ፤ አራተኛው ጎን ሥሩን ይዞ ይቀራል። የተገለጠውን ሣር ከሥሩ በኩል እፈትሻለሁ፣ ቀጥሎ የጉድጓዱን ወለል፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ግድግዳ በጎኗ እየጠረግሁ፣ በመጨረሻ የወጣውን አፈር። አፈሩን የማወጣው በቆየ ፎጣ ላይ ስለሆነ ሲያልቅ መልሼ እገለብጠዋለሁ። ሣሩን መልሼ በጫማዬ ረገጥ ረገጥ አደርገዋለሁ። ውሃ የማጠጣበትም ጊዜ አለ። ለጓደኛህ ይህን አድርገህ አሳየው፤ ቅሬታው ይለቀዋል።

ጩኸቷ ሰፊ ሆኖ የቱ ጋ እንደሆነ ሲጠፋህ ደግሞ እየጮኸች ሳለ ቁልፉን ነካ አድርገህ ልቀቅ። የነበረችበትን እንደ ዜሮ ትቆጥረዋለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጮኸው ይበልጥ ስትጠጋ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ከደገምከው ጫፏ ዕቃው ላይ ያርፋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ አንኮበር አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ የወደቀች ጠገራ ብር ነበረቻቸው፤ አሮጌው የጭቃ ቤት ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር የጠፋች፣ የሠርጋቸው ስጦታ። ማሽን ይዤ ሄድኩ። ያኔ ፒንፖይንተር አልነበረኝም። ማሽኑ ሲጮህ በዶማ ወረድኩበት። ማርያ ትሬዛ፣ 1780 የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ወጣች፤ የዶማዬ ስለት ግን ከንግሥቲቱ ግንባር እስከ ትከሻዋ ድረስ ጎድቷታል። አያቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በነጠላቸው ጫፍ አፈሩን ጠርገው ያንን ጭረት በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱት አየሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ሌላ አንድ ነገር፦ አንተ ባለህበት አገር በናሽናል ፓርክ መሬት ላይ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ የተካሄደበትን ማናሳስን ጨምሮ፣ ማሽኑን ይዞ መገኘት ራሱ የተከለከለ ነው። በግል ግቢ ደግሞ ባለቤቱን ሳትጠይቅ እንዳትጀምር።

ከአሶሳ

«እኛ ጂፒኤክስ በሚባለው የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ወርቅ እንፈልጋለን። አንድ ጓደኛችን ፒንፖይንተር አምጥቶ በደንብ ይጠቁማል አለን። ቀዩ አፈር ላይ ግን ያለ ዕረፍት ትጮሃለች፤ ትንሿን ወርቅ ደግሞ አትሰማም። ገንዘባችንን አባከንን?»

አላባከናችሁም፤ ግን የማትችለውን ሥራ ሰጥታችኋታል። እኔ ወርቅ ባለበት አገር በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ይህ ነው፦ ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ፍንጣቂ ፒንፖይንተር የምትሰማው ጫፏ ሊነካው ሲቃረብ ነው። ለትልልቁ ፍሬ ትረዳለች፤ ለደቃቁ ሌላ መንገድ አለ።

መጀመሪያ የቀዩን አፈር ጩኸት እንፍታ። ያ አፈር ብረት አዘል ነው፤ ጥቁር አሸዋ ሲጨመርበት ይብሳል። መሣሪያዋን በአየር ላይ አብርታችሁ ወደ አፈር ስታስገቧት አፈሩን ራሱን እንደ ዕቃ ትቆጥረዋለች። ጫፏን ከጉድጓዱ ውጭ፣ ምንም በሌለበት እዚያው አፈር ላይ አስነክታችሁ አብሯት። አፈሩን ትለምደዋለች። ከዚያም የስሜት መጠኗን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ለደቃቁ ወርቅ ግን ከሃይላንድ ፕላስቲክ ወይም ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ መዝገኛ ያዙ፤ ብረት የሌለበት መሆን አለበት። የጮኸውን አፈር ዝገኑና በሳህኑ ላይ አሳልፉት። ከጮኸ ግማሹን በሌላ ዕቃ ገልብጡና ሁለቱንም ለየብቻ አሳልፉ። ያልጮኸውን ጣሉ። የጮኸውን እንደገና ለሁለት ክፈሉ። አምስት ስድስት ጊዜ ከከፈላችሁት ጭብጥ አፈር ይቀራል። እሱን ሳህኑ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አፍስሱ፤ ድምፅ የሰጠው ቁንጥር ውስጥ ነው ያለው። ቀለበት ያለው ሰው ይህን ሥራ አይሥራ፤ እጁ በሳህኑ ላይ ባለፈ ቁጥር ያሳስታችኋል።

ማግኔትም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። የተሰበረ የዶማ ጫፍ፣ የሚስማር ቅንጣትና ብረት አዘል ድንጋይ ይሳባሉ፤ ወርቅ አይሳብም። አንድ ጉድጓድ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ብረት ድንጋይ ያወጣ ሰው ይህን ምክር ሁለት ጊዜ አያስነግርም።

ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ተራ ድንጋይ ሦስት እጥፍም አይሞላም። አፈሩን በዶማ ስታናውጡት ፍሬው እየተንሸራተተ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ ፒንፖይንተሯን ከተጠቀማችሁ አስቀድማችሁ የጉድጓዱን ማዕዘንና ወለል በሷ ዳስሱ፤ የድንጋይ ስንጥቅ ካለ ጫፏን እዚያ አስገቡ። ለዚህ ሥራ ከሷ የሚሻል አላየሁም፤ ትልቁ ሳህን አይገባበትም። ማሽኑ ጂፒኤክስ ስለሆነ እሷ በርታ ሳለ ያጉረመርማል፤ ተራ በተራ አብሯቸው።

የባህላዊ ማዕድን አምራች ፈቃዳችሁን ከክልሉ ያዙ። ጉድጓዱንም ሙሉት። ከብትና ሕፃን የገባበት ጉድጓድ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከመንደሩ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ከባድ ነው። ሸክላ፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የድሮ ገንዘብ ካገኛችሁ ደግሞ ቁፋሮውን አቁሙና አሳውቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሁሉ እንዲያሳውቅ ያዛል።

ከነታንያ፣ እስራኤል

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ባሕሩ ዳር በማሽን አሸዋ እፈትሻለሁ፤ ለጤናዬም ይስማማኛል። ፒንፖይንተሯን ርጥብ አሸዋ ላይ ሳደርጋት ትጮሃለች። ጨዉ ጎድቷት ይሆን?»

አባቴ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ። አልጎዳትም፤ ጨው ያለበት ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና እንደ ብረት ይሰማታል። ጫፏን ርጥቡ አሸዋ ላይ አሳርፈው ያብሯት፤ ስሜቷንም ዝቅ ያድርጉት። የምትረጋጋ ከሆነ ደህና ናት።

ከባሕር ሲመለሱ በቧንቧ ውሃ ይጠቧት። የባትሪው ክዳን ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት አሸዋ እንዳይዛት በጣትዎ ይዳስሷት፤ ውሃ የሚገባው በሷ በኩል ነው። ጋሬት ፕሮ-ፖይንተር ኤቲ እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ውሃ ትችላለች፤ ያቺ ጎማ ንጹሕ ከሆነች ማለቴ ነው። ረጅም ጊዜ የማይጠቀሙባት ከሆነ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ያውጡት። እኔ አንዷን በባትሪ ፍሳሽ አጥቻታለሁ።

ስለ ሕጉም ልንገርዎ። እስራኤል ውስጥ ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ሁሉ በ1978 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ጥንታዊ ቅርስ ነው፤ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ጥንታዊ ዕቃ ለመፈለግ ማሽን መጠቀም ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ባሕሩ ድንገት አሮጌ ሳንቲም ከሰጠዎ ሳያጸዱ፣ ሳያሹ፣ እንዳለ ያስረክቡ።

ከሰሜን ወሎ ገጠር

«የአጎቴ ልጅ ከውጭ ፒንፖይንተር ላከልኝ። በጦርነቱ ጊዜ እርሻችን ላይ ብዙ ብረታ ብረት ቀርቷል። ከማረሳችን በፊት እኔና ወንድሜ በእሷ እየፈለግን ልናጸዳው አስበናል። እንዴት እንጀምር?»

ልጄ፣ አትጀምሩ።

ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ ጀምሮ ሐሳቤ እናንተ ዘንድ ነው፤ ስለዚህ እስኪታተም አልጠበቅኩም፣ በላክልኝ ስልክ መልእክት ልኬልሃለሁ። እዚህም የምደግመው ሌላ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ነው። ፒንፖይንተር የምትሠራው ጫፏን ዕቃው ላይ በማስጠጋት ነው። ዕቃው ያልፈነዳ ጥይት፣ ሞርታር ወይም የእጅ ቦምብ ከሆነ እጅህና ፊትህ ከላዩ ናቸው። ፈንጂ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ብረቱ እጅግ ጥቂት ነውና ቀድሞ የሚያገኘው የእግርህ ክብደት ነው። የእሷ ዝምታ መሬቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፈንጂ የሚያመክኑ ሰዎች ልዩ ማሽን፣ መከላከያ ልብስና የዓመታት ሥልጠና አላቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በእንብርክካቸው ስንዝር በስንዝር ነው የሚሄዱት።

የምታደርገው ይህ ነው። ያየኸውን ዕቃ አትንካ፣ በድንጋይ አትምታ፣ አታቃጥል። በመጣህበት ዱካ ተመለስ። ከሩቅ፣ ሰው ከሚረግጠው መንገድ ላይ፣ በድንጋይ ክምር ወይም በጨርቅ ምልክት አድርግ። ለቀበሌውና ለፖሊስ አሳውቁ፤ ቦታውን ከርቀት በጣትህ አሳያቸው፣ ይዘሃቸው አትግባ። እረኞች ልጆችን ሰብስባችሁ ንገሩ፤ ሕፃን የሚያብረቀርቅ ነገር ያነሳል። ለአሮጌ ብረት ገዢ ልንሸጠው የሚል ጎረቤት ካለም አስቁሙት።

ያቺን ማሳ ዘንድሮ አለማረስ ምን እንደሚያስከፍላችሁ አውቃለሁ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ቢሆንም ከብቱንም ከዚያ አርቁት። የተላከችልህን መሣሪያ ባትሪዋን አውጥተህ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣት። መሬቱ ተጣርቷል ተብሎ በጽሑፍ ሲሰጣችሁ ጻፍልኝ፤ ያኔ አጠቃቀሟን አንድ በአንድ አስተምርሃለሁ።