ላሟን ከመግዛትህ በፊት የጾሙን ወተት የሚወስድልህን ሰው ፈልግ

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ዲቃላ ላም ገዝቼ ወተት ለአዲስ አበባ ባቀርብ ያዋጣኛል ወይ? ገበሬው የሚከፈለውና ሱቅ ያለው ዋጋስ ለምን እንዲህ ተራራቀ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔና ባለቤቴ ጫጫ አካባቢ በአንዲት ጊደር ጀምረን ዛሬ አራት ላም እናልባለን። ያየሁትን ልንገርህ።

ያዋጣል። ግን መጀመሪያ ሁዳዴ ሲገባ ወተትህን ማን እንደሚወስድ እወቅ። ሰው 55 ቀን ሲጾም ላሟ ጠዋትም ማታም ትታለባለች፣ መኖዋም አይቀነስም። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ፍልሰታ አሉ። በመጀመሪያው ዓመታችን የጾሙ ዋዜማ ላይ ሰብሳቢው «ከነገ ጀምሮ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው» አለን። የቀረው ወተት ቤት ተከመረ፤ ለጎረቤት እንኳ ብንሰጥ የሚጠጣው ሕፃን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እናደርጋለን። የጾሙን ወተት እንንጣለን። የሸኖን ቅቤ የማያውቅ የለም፣ እኛም የዚያው አገር ሰዎች ነን። ከዲቃላ ላም ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ ስታሰላው ኪሳራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅቤ ይቆያል፣ ለፋሲካ ዋጋው ይወጣል፣ አሬራውም አይብ ይሆናል። ሁለተኛው የማዳቀያውን ወር መምረጥ ነው። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ያህል ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተዳቀለችው ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ትወልድና ወተቷ የሚጎርፈው ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ታዲያ ድራቷን (ኮርማ የምትፈልግበትን ጊዜ) ማታም ተነስተህ ተከታተል። የማዳቀያ ባለሙያው ቅዳሜና እሁድ አልመጣም ብሎ ካመለጠህ ሌላ 21 ቀን መጠበቅህ ነው።

ከዋጋው ልዩነት አንዱ ክፍል የሚፈጠረው መንገድ ላይ ነው። ወተት ቶሎ ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፤ መኪናው፣ ማቀዝቀዣው፣ ፋብሪካው፣ ተመላሽ የሚሆነውም ወተት ሁሉ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። አንድ ግንቦት የማታውን 9 ሊትር ከጠዋቱ ጋር ቀላቅለን ወሰድን። ወተት የሚቀበለው ልጅ ውሃ መቀላቀሉን የሚያሳየውን ላክቶሜትር ከተተ፤ ውሃ የለበትም። ከዚያ በትንሽ ሳህን ወተትና አልኮል እኩል አድርጎ ነቅነቅ ሲያደርገው ወተቱ ሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ አይብ ተፈረፈረ፤ መኮምጠር ጀምሯል ማለት ነው። ያ ሁሉ ወተት ተመለሰ፣ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥፋቱ የጄሪካኑ ነበር፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ውስጡ አይታጠብም። አሁን አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ገዝተናል፣ የማታውን ወተት ለብቻው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እናሳድረዋለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይማ የአገራችን ውርጭ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው።

ከወጪህ ትልቁ መኖ ነው። ድርቆሽና የገብስ ገለባ በመኸር ጊዜ ገዝተህ ከምር፤ ክረምት ሲገባ ዋጋው አይቀመስም። ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት የቅባት እህል ተረፈ) ስትገዛ ጆንያውን ፍታና እጅህን እስከ ታች አስገባ። እርጥበት ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትወስድ። በሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚሉት መርዝ በላሟ በኩል ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ብታፈላውም አይጠፋም። ያንን ወተት የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው፣ ያንተም ልጅ ነው።

ላሟን ለማየት ስትሄድ ደግሞ ሻጩ የሚነግርህን ሊትር አትመን። አንድ ጊዜ ሳያልባት አቆይቶ ጡቷ ተወጥሮ ሊያሳይህ ይችላል። ማታ ሄደህ ፊትህ ትታለብ፣ እዚያው ከተማ እደርና ጠዋትም ተመልሰህ አሳልባት። አራቱንም ጡት ለየብቻ በጥቁር ጨርቅ ላይ አሳልብ፤ የረጋ ነገር ካየህ የጡት በሽታ አለባትና ተዋት።