ሐምሌ ላይ ይሁን ወይስ እስከ ጥቅምት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ6 ዓመት ልጄ ቶንሲሉና አዴኖይዱ (ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ) አብጦ ሌሊት ያንኮራፋል፤ አንዳንዴም ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ደንግጦ ይነቃል። ሐኪሙ «መውጣት አለበት፤ አስቸኳይ ስላልሆነ ተመካከሩና ቀኑን ንገሩኝ» አለን። ባለቤቴ ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ ይደረግና በሳምንቱ መንዝ እናትና አባቴ ዘንድ ሄዶ ያገግም ይላል። አማቴ ደግሞ «በክረምት ቁስል አይሽርም፣ ብርድና ምች ይገባበታል፣ ጥቅምት ይሁን» ይላሉ። እኔ መሐል ቤት ግራ ገባኝ።
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ የቀረው «ትንፋሹ ቁርጥ ይላል» ያልሽው ላይ ነው። ሐኪም «አስቸኳይ አይደለም» ሲል ተዘጋጅታችሁ የምትመጡበት ጊዜ አላችሁ ማለቱ ነው፤ የቱንም ያህል ቢቆይ ግድ የለም ማለቱ አይደለም። ሌሊቱን እንቅልፉ ሲቆራረጥ ያደረ ልጅ ቀን ይነጫነጫል፣ ክፍል ውስጥ ይፈዛል፣ አንዳንዱም አልጋ ማርጠብ ይጀምራል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን የሚያመው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ጠብቂ እልሽ ነበር፤ ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ይሄ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ማታ ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ በይና ትንፋሹን በስልክሽ ቅረጪው፤ ለሐኪሙ አሳዪው። ደጋግሞ የሚቆም ከሆነ ሐምሌንም አትጠብቁ፣ ትምህርቱ ይደረስበታል።

ብርድ የጉሮሮ ቁስል እንዳይሽር አያደርግም። የአማትሽን ስጋት ግን ሙሉ በሙሉ አትጣዪው፤ ክረምት ጉንፋን ይበዛል፣ ጉንፋን ደግሞ ከሰመመን ጋር አይስማማም። ሳል ያለበት ልጅ ሰመመን ሲሰጠው የአየር ቧንቧው በቀላሉ ይቆጣል።

ይህን በራሴ ልጅ አይቼዋለሁ። 5 ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ሳይከፈት ትዳንልኝ ብዬ ቀጠሮዋን ነሐሴ መጨረሻ አስያዝኩ። ዋዜማውን አፍንጫዋ ይፈስ ነበር። ነርስ ሆኜ፣ እያወቅሁ፣ ጠራርጌ ምንም የለባትም ብዬ ይዣት ገባሁ። የሰመመን ባለሙያው ደረቷን አዳመጠ፤ ደግሞ አዳመጠ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስላት?» ሲል እሷ ቀድማኝ «ከትናንት ወዲያ» አለችው። መለሰን። ታክሲ ውስጥ በንዴት አለቀስኩ። ዛሬ ያን ሰው ባሰብኩት ቁጥር እመርቀዋለሁ።

ቀላል ጉንፋን ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ትኩሳትና የደረት ሳል ካለው ደግሞ ወር ያህል ማራዘም የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀን ስትቆርጡ መጠባበቂያም አብራችሁ ያዙ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት፣ ቢተላለፍ እንኳ ነሐሴ አለላችሁ።

ባለቤትሽ ሐምሌ ማለቱ ደግ ነው፤ «በሳምንቱ መንዝ» ያለው ግን አይሆንም። ቶንሲሉ የወጣበት ቦታ ነጭ ሽፋን ይይዛል፤ መግል አይደለም፣ አትደንግጪ። ያ ሽፋን የሚላቀቀው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ቆይቶ የሚመጣ ደምም የሚታየው በአብዛኛው ያኔ ነው። ከአፉ ትኩስ ደም ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት። እናትና አባትሽ ከናፈቁት እነሱ ይምጡለት። ሁለቱን ሳምንት ከሆስፒታል አትራቁ።

ከወሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማን ቤት ይውላል የሚለው ነው። ማስታገሻውን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ መዋጥ አሞት «አልጠጣም» ሲል አባብሎ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት የሚያስጎነጨው፣ ቆሎ ከእጁ የሚወስድበት ሰው ያስፈልጋል። አማትሽን ለዚህ ለምኛቸው።

ቀጠሮውን ስትይዢ የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ጠይቂ። ምግብና ወተት ከሰመመኑ በፊት ለ6 ሰዓታት ያህል ይከለከላል፤ ተራው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ልጁ በረሃብ ሲያለቅስ ይውላል። ንጹሕ ውሃ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ መጠጣት እንደሚችልም ጠይቂያቸው፤ ብዙ ጊዜ ሰመመኑ ሊሰጠው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል።