መርከበኛ ያስኮበለለ ሰው ይሰቀል ነበር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ ሜልቦርን ትምህርት ቤት ስለ ወርቅ ፍለጋው ዘመን የቤት ሥራ ተሰጥቶት፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት መርከበኛ መርከቡን ጥሎ እንዲጠፋ የገፋፋ ሰው ይሰቀል ነበር ወይስ በገንዘብ ይለቀቅ ነበር ብለሻል። ሁለቱም አለ። የሚወስነው ገፋፊው ማን ነው፣ መርከቡስ የማን ነው የሚለው ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የምሠራው ወደቡ አካባቢ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ትሮቭ በሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ ሱስ ሆኖብኛል። ዓመታቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

ከባሕር ኃይሉ ልጀምር። የ1749ኙ የባሕር ኃይል ሕግ የጠፋውንም ሌላውን ያስጠፋውንም እኩል ነው ያስቀመጣቸው፤ ሞት፣ ወይም የጦር ፍርድ ቤቱ ይገባዋል ያለው ሌላ ቅጣት። ግን ይሄ ለራሱ ለባሕር ኃይሉ ሰው ነው፣ ጓደኛውን «ና እንጥፋ» ላለው ማለት ነው። በተግባር አብዛኛው በጅራፍ ተገርፎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ቢሰቅሉ መርከቡን ማን ይነዳዋል? ያልተያዘው ደግሞ መዝገብ ላይ ስሙ አጠገብ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ያልተከፈለው ደሞዙም በዚያው ቀለጠ።

ሲቪሉስ? በ1797 ስፒትሄድና ኖር በሚባሉት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መልሕቅ መጣያዎች ላይ መርከበኞቹ ካመፁ በኋላ ፓርላማው ደንግጦ ሕግ አወጣ። ወታደርን ወይም መርከበኛን ሆን ብሎ ከግዳጁና ከታማኝነቱ ለማስወጣት የሞከረ ማንም ሰው በሞት ይቀጣል አለ። በ1837 ሞቱ ቀረና እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ ግዞት ሆነ። ግዞቱ ወዴት መሰለሽ? በዚያን ጊዜ ወደዚሁ ወደ አውስትራሊያ! ይሄ ሕግ ግን የታሰበው አመፅ ለሚቀሰቅስ እንጂ ለመጠጥ ቤት ነጋዴ አይደለም።

የልጅሽ ጥያቄ ያለው ንግድ መርከቦቹ ጋ ነው። በ1851 የሜልቦርን ቅኝ ግዛት በሆነችው ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ሲባል መርከበኛው መልሕቅ በተጣለ ማግስት ወደ ቁፋሮው ይነጉድ ጀመር፣ አንዳንዴ ካፒቴኑም አብሮ፣ የሜልቦርን መርከብ ማቆሚያ ሆብሰንስ ቤይም ሰው በሌላቸው መርከቦች ተሞላ። ከዚያ የ1854ቱ የንግድ መርከብ ሕግ መጣ። መርከበኛውን እንዲጠፋ ያግባባ እስከ 10 ፓውንድ፣ የጠፋውን የደበቀ እስከ 20 ፓውንድ። ራሱ መርከበኛው እስከ 12 ሳምንት እስራት፣ ከጉልበት ሥራ ጋር ወይም ያለሱ፣ መርከቡ ላይ የተወውን ዕቃና ደሞዙንም ያጣል።

መደበቁ ለምን በእጥፍ እንደተቀጣ ልብ በይልኝ። ዋናው ጥፋተኛ መርከበኛ እያስጠፋ ለሌላ መርከብ የሚሸጠው ደላላ ነበራ! መርከቡ ገና ሲቆም ጠርሙስ ይዞ ይወጣል፣ «ሌላ ቦታ ደህና ደሞዝ አለ» ይላል፣ ልጁን አልቤርጎ አስገብቶ ያበላል ያጠጣል፣ ሁሉንም በዱቤ። ከዚያ ሰው ለጎደለው ሌላ ካፒቴን ያስረክበዋል፣ ቅድሚያ ክፍያውንም ለዕዳው ይወስድበታል። በወርቁ ጊዜ ወደ አውሮፓ ለሚመለስ መርከብ ሰው ማግኘት ጭንቅ ስለነበር የመርከበኛው ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። እና 10 ፓውንድ ለደላላው ምኑ ነው? ካፒቴኑም ቢሆን ደላላውን ጠዋት ከሶት፣ ማታ ከራሱ ከደላላው መርከበኛ ይገዛል። እኔ ካነበብኳቸው የዊሊያምስታውን (የሜልቦርን ወደብ ሰፈር) ችሎት ዜናዎች ፍርድ ቤት የሚቀርበው በአብዛኛው ምስኪኑ መርከበኛ ነው፤ ደላላው አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። በአንድ መስመር ስም፣ የመርከቡ ስም፣ ይህን ያህል ሳምንት፣ አለቀ።

የት ታሰሩ ካልሽ፣ ቅኝ ግዛቱ እስር ቤት ስለጠበበው አሮጌ መርከቦች ገዝቶ ዊሊያምስታውን ፊት ለፊት ተንሳፋፊ ወህኒ አደረጋቸው። ዲቦራ የምትባለው ላይ ያስቸገሩ መርከበኞች ይታሰሩ ነበር። ሰክሰስ የምትባለው ደግሞ በ1852 ሠራተኞቿ ጥለዋት ወርቅ ፍለጋ የሄዱባት ራሷ ናት፣ ጉድ እኮ ነው!

ለልጅሽ ባሕር ኃይሉንና ንግድ መርከቡን እንዳይደባልቃቸው ንገሪው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ትሮቭ በነፃ ነው፤ ዘ አርገስ ጋዜጣን ይምረጥና ከ1852 ጀምሮ ዊሊያምስታውን ብሎ ይፈልግ። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ቢያየው ይሻለዋል።