ከሲኞራ ጋር መቁጠሪያ ልቁጠር?

ጥያቄ፦ ሰላም መጋቢ። የምኖረው ሮም ነው። አንዲት የ84 ዓመት ሲኞራ እየተንከባከብኩ እዚያው አብሬያቸው አድራለሁ። ካቶሊክ ናቸው። ማታ ማታ መቁጠሪያቸውን ይዘው "ነይ አብረን እንጸልይ" ይሉኛል። እሁድ 6 ሰዓት ላይ ጳጳሱ በመስኮት ብቅ ሲሉ በቴሌቪዥን እናያለን። ፖፕ ፍራንቸስኮስ ያረፉ ቀን ሲኞራ ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። ይህን ለጸሎት ቡድናችን እህቶች ስነግራቸው "ለሐሳዊ መሲሕ ነው እንዴ የምታለቅሺው?" አሉኝ። በገና ደግሞ ሲኞራን ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ወስጃቸው ቄሱ ቁርባኑን ወደ እኔም ዘረጉት። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። ካቶሊኮች ወገኖቻችን ናቸው ወይስ አይደሉም? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ እንባሽ ላውራ። ፍራንቸስኮስ ያረፉት በ2025 በፋሲካ ማግስት ነበር። ያን ዓመት ፋሲካ ለእኛም ለእነሱም በአንድ ቀን ውሎ ነበር። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንዲት አዛውንት እንደ አባት የሚያዩትን ሰው አጥተው ሲያለቅሱ አብረሽ አለቀስሽ። "ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" የሚለውን ቃል ጳውሎስ የጻፈው አንቺ ላለሽበት ከተማ ክርስቲያኖች ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ንስሐ የሚያስገባሽ ነገር የለም።

"ሐሳዊ መሲሕ" የሚለው አነጋገር እህቶችሽ የፈጠሩት አይደለም። ሉተር ራሱ በጳጳሱ ላይ ተናግሮታል። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ የተሐድሶ አባቶችም ደግመውታል። ሰው በእምነቱ ምክንያት በእሳት የሚቃጠልበት ዘመን ነበር። እኔ ግን አላስተምረውም። ምክንያቴ ዮሐንስ ነው። በ1ኛ መልእክቱ የክርስቶስ ተቃዋሚ ማን እንደሆነ ሲነግረን፣ አብንና ወልድን የሚክድ፣ ኢየሱስ በሥጋ መምጣቱን የማይቀበል ነው ይላል። ጳጳሱ ግን ኢየሱስ ሰው እንደ ሆነ፣ እንደ ተሰቀለ፣ እንደ ተነሣ ከሕዝባቸው ጋር በጸሎተ ሃይማኖት ይመሰክራሉ። የማይክደውን ሰው ካደ ማለት በሐሰት መመስከር ነው።

ታዲያ ሥልጣናቸውን እቀበላለሁ? አልቀበልም። በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ልሁንልሽ።

በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ፣ ጳጳሱ ለመላው ቤተ ክርስቲያን ስለ እምነትና ስለ ምግባር ከመንበራቸው ሆነው በይፋ ሲደነግጉ አይሳሳቱም ብሎ ወሰነ። ብዙ ጊዜ እኛ ይህን አጣመን እናወራለን። ካቶሊኮች ጳጳሱ ኃጢአት አይሠሩም አይሉም፤ ጳጳሱም እንደማንኛውም ሰው ይናዘዛሉ። ተራ ንግግራቸው ሁሉ አይሳሳትም ማለትም አይደለም። ግን በዚህ ሥልጣን በ1950 ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ማርያም በሥጋዋም በነፍሷም ወደ ሰማይ መወሰዷን ማንም ካቶሊክ ሊያምነው የሚገባ ትምህርት አድርገው ደነገጉ። መጽሐፍ ቅዱስሽን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጪ ይህን አታገኚውም። እኔን የሚጨንቀኝ ይህ ነው። እግዚአብሔር በቃሉ ያላሰረውን የሰው ሕሊና ሌላ ሰው ሊያስረው አይገባም።

"አንተ ጴጥሮስ ነህ" የሚለውን ይጠቅሱልሻል። እኔ ጴጥሮስን አላሳንስም። በበዓለ ሃምሳ ተነሥቶ የሰበከው እሱ ነው። ግን ያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሲሳሳት ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃወመው። በሐዋርያት ሥራ 15 ላይም ጴጥሮስ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ፍርዱን የሰጠው ያዕቆብ ነው። እሱ ራሱ በመልእክቱ ለሽማግሌዎች ሲጽፍ እንደ እነሱ ሽማግሌ መሆኑን ይናገራል፤ "የእረኞች አለቃ" የሚለውን ስም ለክርስቶስ ይተወዋል። ጴጥሮስ ለራሱ ያልወሰደውን ስም ተተኪ ነኝ የሚል እንዴት ይወስደዋል?

ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ፣ ያመኛልና። ለሮም ጳጳስ "አይሳሳትም" አንልም እንላለን። ግን ስንቶቻችን ነን "ነቢዩ ተናግሯል" ስለተባለ ብቻ ትዳር ያፈረስን፣ ሥራ የለቀቅን፣ የአረብ አገር ደመወዛችንን ሙልጭ አድርገን የሰጠን? ትንቢቱ ሳይፈጸም ሲቀር ማን ጠየቀ? የጠየቀ "የተቀባውን አትንካ" ይባላል። ካቶሊኮቹ ቢያንስ የጳጳሳቸውን ሥልጣን ወሰን ጽፈው አስቀምጠዋል። የእኛዎቹ ወሰን የላቸውም። ጴጥሮስን በፊቱ የተቃወመው ወንጌል ለእነሱም ይሠራል።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ትልቁ ጥያቄ ሰው በምን ይጸድቃል የሚለው ነው። በ1999 ጥቅምት 31 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። መካነ ኢየሱስም የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በሥራው ብዛት ሳይሆን በክርስቶስ ላይ ባለ እምነት በጸጋ ብቻ ነው ብለው አብረው ተናገሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔርን አመሰግንበታለሁ። ሆኖም ሁሉም አልተፈታም። በ2025፣ ካቶሊኮች የኢዮቤልዩ ዓመት ብለው ባከበሩት ጊዜ፣ ሕዝቡ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን "ቅዱስ በር" በሚሉት በር ለማለፍ ሲሰለፍ ሳታዪ አትቀሪም። ብዙዎቹ ከሚፈልጉት አንዱ፣ ለተናዘዙት ኃጢአት ይቀራል ከሚባለው ጊዜያዊ ቅጣት በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን መፈታትን ነው። ዛሬ በገንዘብ አይሸጥም። ግን ክርስቶስ "ተፈጸመ" ካለ በኋላ ለእኔ የቀረ ቅጣት አለ የሚለውን አልቀበልም።

ወገኖቻችን ናቸው ወይ ላልሽው አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጅ ሳለሁ አያቴ ስታርፍ የመቃብር ቦታ ተከለከልን። "ጴንጤ እዚህ አይቀበርም" ተባለ። አስከሬኑ እቤት አደረ። በነጋታው የካቶሊክ ሚሲዮኑ አባ ከግቢያቸው ጥግ ላይ ቦታ ሰጡን። ዶማና አካፋውንም ራሳቸው ይዘው መጡ። አባቴ ሲቆፍር እሳቸው አፈሩን ያወጡ ነበር። ክረምት ነበር፤ የቀሚሳቸው ጫፍ በጭቃ ረጥቦ እስከ ዛሬ ይታየኛል። በአምልኮው ሰዓት ዳር ቆሙ። "አባታችን ሆይ" ስንል ግን ድምፃቸውን ሰማሁት። አብረውን አሉ።

በጣሊያንም ታሪኩ ሁለት መልክ አለው። በ1935፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት በዚያው ዓመት፣ የሙሶሊኒ መንግሥት የጴንጤቆስጤዎችን አምልኮ ከልክሎ ነበር። ያሳደዷቸውና የጠቆሙባቸው ውስጥ ካቶሊኮችም ነበሩ። በ2014 ፍራንቸስኮስ ካዜርታ ወደሚገኝ የጴንጤቆስጤ ጉባኤ ሄደው ለዚያ በደል ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታ ለጠየቀ ሰው ጀርባ ማዞር የእኛ ወግ አይደለም። ክርስቶስን የታመነ ካቶሊክ ወንድሜ ነው፤ በትምህርቱ ብከራከረውም። ክርስቶስን ያልታመነ ጴንጤ ደግሞ ስሙ አያድነውም።

አሁን ምን ላድርግ ላልሽው።

ስለ ቁርባኑ ደግ አድርገሻል። ቄሱ "የክርስቶስ ሥጋ" ሲሉሽ አንቺ "አሜን" ትያለሽ። ያ አሜን የእነሱን ትምህርት ሁሉ መቀበልሽን ይናገራል። እነሱም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ለፕሮቴስታንት አያቆርቡም፤ ቄሱ ስላላወቁሽ ነው። በ2015 እዚያው ሮም፣ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ካቶሊክ ያገባች አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ለምን መቁረብ እንደማትችል ፍራንቸስኮስን ጠይቃቸው ነበር። ፈቃድ አልሰጧትም፤ አልከለከሏትምም። ከጌታ ጋር ተነጋገሪ አሏት። እሳቸውን ያስጨነቀ ጥያቄ አንቺን ቢያስደነግጥሽ አይገርምም። ሌላ ጊዜ ሲኞራን አድርሰሽ ወንበርሽ ላይ ቁጭ በይ።

መቁጠሪያው ላይ አብረሻቸው ተቀመጪ። "ጸጋ የሞላሽ ሆይ" የሚለው መጀመሪያው ከሉቃስ 1 የተወሰደ ነው። "ለምኚልን" የሚለው ግን በሰማይ ላለ ሰው የሚቀርብ ልመና ነው፤ አማላጃችን አንድ ስለሆነ አንቺ እሱን አትበይ። ሲኞራ ከጠየቁሽ በትሕትና ንገሪያቸው፤ ካልጠየቁሽ ክርክር አትክፈቺ። በየአሥሩ ፍሬ መነሻ ላይ ግን "ፓድሬ ኖስትሮ"፣ ማለትም "አባታችን ሆይ"፣ አለ። እዚያ ጋ ስትደርሱ ዝም እንዳትይ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አብረሻቸው በይ።

ሲጨርሱም የጣሊያንኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አምጥተሽ ዮሐንስ 14ን አንብቢላቸው። ከቁጥር 1 እስከ 6 ለአንድ ማታ ይበቃል። ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ በዚያ ዕድሜ ጆሮም ይደክማል።