ስልኬ ሳልሞን ብላ ይለኛል

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን አለሽ? የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ነው የምመላለሰው። 46 ዓመቴ ነው። በቅርቡ ጤና ጣቢያ ግፊቴን ለክተውኝ “ትንሽ ከፍ ብሏል፣ አመጋገብህን አስተካክል” ብለው ሸኙኝ። ልጄ ስልኬ ላይ የአመጋገብ ምክር የሚሰጥ አፕ ጫነችልኝ። የምበላውን ሲጠይቀኝ እንጀራ የሚል ስላጣሁ “ፓንኬክ” ብዬ ሞላሁ። ሳልሞን፣ ብሉቤሪና ኬል ብላ አለኝ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ እንቁላል! አሁን ደግሞ “ምራቅዎን ይላኩ፣ በዘረመልዎ ልክ እንመክርዎታለን” የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋጋው በዶላር ነው። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ጠዋት ሻይ በቦምቦሊኖ፣ ቀን ተራ ስጠብቅ ፍርፍር፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሽሮ ነው የምበላው። በቀን አምስት ሻይ አይቀርም፣ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርብህ።

ፉድ ፎር ሚ የተባለ ጥናት በ7 የአውሮፓ አገሮች ከ1,600 በላይ ሰዎችን በኢንተርኔት ለ6 ወር ተከታትሎ ነበር። አንዱ ቡድን ለማንም የሚሰጠው የተለመደ ምክር ተሰጠው። ሌሎቹ የሚበሉትን ሞሉና ለየራሳቸው የሚሆን ምክር ተላከላቸው፤ ከእነሱም የአንዳንዶቹ ዘረመል ጭምር ታየ። የግል ምክር የደረሳቸው ሰዎች አመጋገባቸውን የበለጠ አሻሻሉ፣ ቀይ ሥጋና ጨውም ቀነሱ። ዘረመሉ ግን የጨመረው ነገር አልነበረም። ሰውየው የሚበላውን በትክክል መናገሩ በቂ ነበር። አንተ ደግሞ ፓንኬክ ብለህ ሞላህ! ስልኩ ታዲያ ምን ያድርግ?

አልፈርድብህም። እኔም ለገጣፎ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ አፕ ሞክሬያለሁ። ገንፎ ብዬ ብሞላ የአጃ ገንፎ ቆጠረልኝ። መሀሉ ላይ የፈሰሰውን ቂቤ የት ያውቀዋል?

ስለዚህ አንተ ከጻፍከው እንነሳ። አምስት ሻይ በሦስት ማንኪያ 15 ማንኪያ ነው። አንዱን የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ብንለው 60 ግራም ስኳር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂ ሲሰላ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ ነው፤ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ የተሻለ። ቦምቦሊኖውን ገና አልቆጠርነውም። በአንዴ አትተወው፣ ይናፍቅሃል። በዚህ ሳምንት ሁለት ማንኪያ፣ በሚቀጥለው አንድ ተኩል አድርገው። ሻይ የምታፈላዋን ልጅ “ስኳሩን ለብቻው” በላት። እሷ ጨምራ ካመጣችው መቁጠሪያ የለህም። ረዳትህ ይስቅብሃል፤ ይሳቅ።

ለግፊትህ ግን ዋናው ጨው ነው። ለቀኑ በሙሉ የሚመከረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በእኛ ቤት ጨው የሚገባው አንዴ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቶበታል። ሽሮው ሲንተከተክ እንደገና ይጨመራል። ከዚያ ደግሞ ማዕድ ላይ “ጨው አነሰው” የሚል አይጠፋም። ቤት የሚያበስለው ሰው ሽሮው ሊወርድ ሲል ብቻ ቀምሶ ቆንጠር ያድርግበት።

ምሳ ላይ ፍርፍሩን በሳምንት ሁለት ቀን በበያይነቱ ቀይረው፤ ጎመኑንም አስጨምር። ኬል የሚሉት እኮ የዚሁ የጎመናችን ዘመድ ነው፤ ጉልት ላይ ተደርድሮልሃል። ሳልሞኑን እርሳው። ዓርብ ምስርና ሽንብራ አለልህ፣ የማታው ሽሮህም ራሱ ፕሮቲን ነው።

ጤና ጣቢያ ተመለስና ግፊትህን ደግመህ ተለካ፤ በአንድ ልኬት አይወሰንም። መድኃኒት ካዘዙልህ ደግሞ ጎመን በላሁ ብለህ እንዳታቋርጥ።

የሦስት ቀን ምግብህን ደብተር ላይ ጽፈህ ላክልኝ። እንጀራውን እንጀራ ብለህ።