የጨቅላው ነጭ የደም ሴል 36,000 ሲወጣ

ጥያቄ፦ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ምጡ ረዝሞ የተወለደ፣ ወዲያው ያላለቀሰ ጨቅላ ደም ተላከልኝ። ነጭ ሴሎችን በሦስት ወገን የሚለየው የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ማሽናችን ነጭ የደም ሴል 36,000 አወጣ። ስላይድ ስሠራ ግን ኒውክሊየስ ያላቸው ቀይ ሴሎች ሞልተውታል። የትኛውን ቁጥር ልጻፍ? ሐኪሙም «ሕፃኑ ታፍኖ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል።

መልስ፦ 36,000ን እንዳለ አይላኩት። ማሽኑ የሚጨምረው ላይዝ ቀይ ሴሎችን ሲያፈርስ ኒውክሊየሳቸውን ይተወዋል፤ ማሽኑም ያንን ነጭ ሴል ነው ብሎ ይቆጥረዋል፣ ብዙ ጊዜም ሊምፎሳይት ከሚባሉት ትንንሽ ነጭ ሴሎች ጋር ይደምረዋል። በዚህ ቁጥር የተነሣ ሕፃኑ ያለ በቂ ምክንያት የኢንፌክሽን ሕክምና ሊጀመርለት ይችላል።

በስላይዱ ላይ 100 ነጭ ሴል እስኪሞላ ይቁጠሩ። መሀል ላይ የሚያገኟቸውን ኤንአርቢሲዎች (ኒውክሊየስ ያላቸውን ቀይ ሴሎች) ከመቶው ሳያስገቡ ለብቻ ይመዝግቡ። ከዚያ የማሽኑን ቁጥር በ100 አባዝተው፣ 100 ሲደመር ኤንአርቢሲ ለሚሆነው ያካፍሉ። ለምሳሌ 80 ካገኙ፦ 36,000 × 100 ÷ 180 = 20,000። ይህ ለመጀመሪያው ቀን ጨቅላ የተለመደ መጠን ነው። ኤንአርቢሲው እንዲህ ሲበዛ 200 ነጭ ሴል ቆጥሮ የተገኘውን ኤንአርቢሲ ለሁለት ማካፈል ይሻላል፤ በ100 ብቻ የሚገኘው ውጤት ከአንባቢ አንባቢ በጣም ይለያያል። ኤንአርቢሲን ራሱ ለይቶ የሚቆጥር ማሽን ካለዎት ግን ቁጥሩን አርሞ ያወጣ እንደሆነ መመሪያውን ይመልከቱ፤ ሁለት ጊዜ ማረም ውጤቱን ከእውነተኛው በታች ያወርደዋል።

«ከ100 ነጭ ሴል ይህን ያህል» የሚለውን ብቻ ጽፈው አይተዉ፤ ኤንአርቢሲው በማይክሮሊትር ስንት እንደሆነም ያስሉ። 10 ኤንአርቢሲ ነጭ ሴሉ 10,000 ሲሆን 1,000 ማለት ነው፤ ነጭ ሴሉ 30,000 ሲሆን ግን 3,000 ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 20,000 × 80 ÷ 100 = 16,000 በማይክሮሊትር ይሆናል።

ስሕተት የሚበዛው ስላይዱ ላይ ነው። የጨቅላ ደም ወፍራም ስለሆነ መግፊያውን ስላይድ ከተለመደው ዝቅ፣ ወደ 25 ዲግሪ ገደማ አድርገው በዝግታ ይግፉት፤ አለዚያ ሴሎቹ ተደራርበው መለየት ያቅታል። ለማቅለሚያው የሚጠቀሙበት ቡፈር (የአሲድነት መጠኑን የሚጠብቀው ፈሳሽ) ፒኤች 6.8 ይሁን። በቧንቧ ውኃ ካጠቡት ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆንና ኤንአርቢሲን ከትንሽ ሊምፎሳይት የሚለየው የሳይቶፕላዝም (በኒውክሊየሱ ዙሪያ ያለው የሴሉ ክፍል) ቀለም ይጠፋል። የበሰለው ኤንአርቢሲ ኒውክሊየሱ ትንሽ፣ ክብና ድፍን ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፤ ዙሪያው እንደ ሌሎቹ ቀይ ሴሎች ሮዝ ነው። ሊምፎሳይት ኒውክሊየሱ ሰፋ ይላል፣ ጠርዙ ላይ የሚታየው ስስ ሳይቶፕላዝምም ሰማያዊ ነው። የሚያምታታው ገና ያልበሰለው፣ ሳይቶፕላዝሙ ግራጫ የሆነው ነው፤ እሱን በክሮማቲኑ (በኒውክሊየሱ ውስጥ ባለው ቁስ) ጓል ጓል ማለት ይለዩት።

ወደ ሐኪሙ ጥያቄ ስንመጣ፣ ጽንሱ ኦክስጅን ሲያጣ የቀይ ሴል ምርትን የሚያነሣሣው የራሱ ሆርሞን፣ ኤሪትሮፖየቲን፣ ይጨምራል፤ ጉበቱና መቅኔው ገና ያልበሰሉ ቀይ ሴሎችን ወደ ደም ይለቃሉ። ጊዜው በደረሰ ጨቅላ ሲወለድ ከ100 ነጭ ሴል እስከ 10 ኤንአርቢሲ ማየት የተለመደ ነው። እንደ ምሳሌው 80 ካገኙ ከዚህ እጅግ የራቀ ስለሆነ የኦክስጅን እጥረትን ይደግፋል፤ ብቻውን ግን አያረጋግጥም። ያለ ጊዜው መወለድ፣ የእናት ስኳር፣ የእናትና የጽንሱ የአርኤች ደም ዓይነት አለመጣጣም፣ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም)፣ በማሕፀን ውስጥ የዕድገት መቀጨጭና ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ የእናትና የሕፃኑን የደም ዓይነት፣ እንዲሁም ኩምብስ (ቀይ ሴሎችን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ ምርመራ) አብረው ይሥሩ። በተቃራኒው፣ ልክ ሊወለድ ሲል በድንገት የታፈነ ሕፃን ቁጥሩ የተለመደ ሊሆን ይችላል፤ ሴሎቹ በብዛት እስኪወጡ ሰዓታት ይፈልጋሉና። ዝቅተኛ ቁጥር «አልታፈነም» ተብሎ እንዳይነበብ ለሐኪሙ ይንገሩት። አፕጋር (ሲወለድ ለሕፃኑ ሁኔታ የሚሰጠው ነጥብ)፣ የእትብት ደም ፒኤችና የሕፃኑ የነርቭ ምርመራ ቀዳሚ ናቸው፤ ሕክምናውም የእርስዎን ስላይድ መጠበቅ የለበትም።

በውጤት ወረቀቱ ላይ ደሙ ከእትብት ወይስ ከተረከዝ እንደተቀዳና ከተወለደ በስንት ሰዓቱ እንደሆነ የግድ ይጻፉ። ቁጥሩ በፍጥነት ስለሚወርድ ሰዓቱ ካልታወቀ መተርጎም አይቻልም። ፕሌትሌቱንም (ደም የሚያረጉትን ትንንሽ ሴሎች) ይመልከቱ፤ በታፈኑ ሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ ስላይዱ ላይ ግን ተጓጉሎ እንዳያሳስትዎ ጠርዙን ይዩ። በ24 ሰዓትና በሦስተኛው ቀን ይድገሙት። ጊዜው በደረሰ ሕፃን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ኤንአርቢሲ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም፤ ካልወረደ የቀጠለ የኦክስጅን እጥረት፣ የደም መፍሰስ ወይም የቀይ ሴል መፍረስ ይፈለግ።